የአሥራ ሦስት ዓመቱ ኮሎኔልና የልጄ ሽማግሌዎች

በ2017 ዓ.ም.፣ መስቀል ባለፈ በሳምንቱ፣ አደይ አበባው ከጦሳ ተራራ ግርጌ ገና ሳይረግፍ ከደሴ ተነሥቼ ሎስ አንጀለስ ሄድኩ። ከዚያ በፊት ከአዲስ አበባ አልፌ አላውቅም። የማኅበራችን እናቶች «ያየሽውን ጻፊልን» ስላሉኝ ነው ይህን የምጽፈው። የመጀመሪያውን ሳምንት ብቻ እጽፋለሁ፤ ጉዳዬ ያለቀው በዚያ ነውና።

ጉዳዬ አንድ ነበር። ልጄ ዮናስ ሄለን የምትባል ልጅ ወዷል። ሄለን ነርስ ናት፣ እዚያው ተወልዳ ያደገች። አባቷ ኮሎኔል በላቸው ይባላሉ፤ የድሮው ጦር መኮንን ነበሩ። ልጅቱ «አባቴ ካልመረቀኝ አላገባም» ብላዋለች። ዮናስም «ሽማግሌ ስልክ እናቴ ትኑርልኝ» አለ። አባት የለውም። ስለዚህ ሄድኩ።

ሰኞ ማለዳ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ወረድን። ሾፌሩ ቁልቁለቱን ሲጠማዘዝ ዳዊቴን እደግም ነበር። ሻንጣዬ የራሴ አልነበረም ማለት ይቻላል፤ በርበሬው የጎረቤት፣ ሽሮው የጎረቤት፣ የሕፃን ልብሱ የማላውቀው ሰው። አልጋ ላይ የተውኳት እህቴ አልማዝ ግን ልቤን ይዛው ቀረች። «ሂጂ፣ እኔ ሠርጉን ሳላይ አልሞትም» አለችኝ። ስቄ ወጣሁ፤ መኪና ውስጥ አለቀስኩ።

ትኬቱን የቆረጠችልኝ ልጅ «እንግሊዝኛ የማይችሉ እናቶች ሁሉ ዊልቸር ነው የሚጠይቁት፤ የሚገፋው ሰው ከበር እስከ በር ያደርስዎታል» ብላኝ ነበር። እግሬ ደህና ነው፤ ዳገቱን በየወሩ ሚካኤልን ለመሳለም እወጣዋለሁ። ግን ተቀመጥኩ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ዋሽንግተን ስደርስ የሚገፋኝ የጎንደር ልጅ ሆኖ ተገኘ። እንዴት እንደተደሰትኩ! ስንሄድ ስንሄድ ዳዊቴ ከጭኔ ላይ ተንሸራቶ ወደቀ፤ አንድ ሰውዬ ሊረግጠው ሲል ዘልዬ ተነሣሁና ሮጬ አነሣሁት።

«እትዬ!» አለ ልጁ። «ተአምር ተደረገ ልበል?»

«ኧረ ዝም በል ልጄ፣ ያስሩኛል!»

«ቁጭ ይበሉ። እኔ እዚህ አየር ማረፊያ በቀን ስንት ተአምር ነው የማየው!»

እስከ በሩ ድረስ ሁለታችንም ስንስቅ ሄድን። ውኃ ገዝቶ ሰጠኝ። ስሙን ጠይቄው በጸሎቴ አለ።

ማክሰኞ፣ መንገድ ላይ ሌላ አውሮፕላን ቀይሬ፣ በርባንክ የሚባል ከተማ አረፍኩ። ትልቁ የሎስ አንጀለስ አየር ማረፊያ ሌላ ነው አሉ፤ ይኼኛው ትንሽ ነው። ዊልቸሩን ሳልጠብቅ እንደ ኮምቦልቻ በደረጃ ወርጄ አስፋልቱን በእግሬ ረገጥኩት። ፀሐዩ ፊቴን ሲመታኝ «ይሄ ነው አሜሪካ? የኛው ቆላ ነው እንዴ?» አልኩ። ዮናስ በር ላይ ቆሞ ነበር። ጺም አብቅሏል፤ ከስቷል። አቅፎ ከመሬት አነሣኝ። ስምንት ዓመት ነበር ያላየሁት።

መንገዳቸውን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? በአንድ በኩል ብቻ ስድስት መኪና ጎን ለጎን ይሄዳል፤ ማንም አይጠመዘዝም፣ ማንም ጡሩምባ አይነፋም። ደሴ ቢሆን ይህን ያህል መኪና አንድ ላይ የሚታየው ለደመራ ብቻ ነው። እኔ በመስኮት እያየሁ እደነቃለሁ፤ ዮናስ ስለ ትምህርቱ ይነግረኛል። ዩኒቨርሲቲ ስምንት ዓመት የቆየበትን ነገር ያን ቀን ነው የተረዳሁት።

ኦስትሪያን ለብዙ መቶ ዓመት የገዛ ሃብስቡርግ የሚባል የነገሥታት ቤተሰብ አለ። ልጄ የሚያጠናው የዚያን ቤተሰብ መሳፍንት የውትድርና ታሪክ ነው። የቤቱ ወንድ ልጅ ሁሉ፣ ቢወድም ባይወድም፣ ለጦር ነው የሚያድገው። አንዳንዱ ገና ሕፃን ሳለ ሬጅመንት በስሙ ይሰጠዋል፤ ሬጅመንት ማለት በሺህ የሚቆጠር ወታደር ያለበት ጦር ነው።

«እኛ ክርስትና እናስነሣለን፣ እነሱ ጦር ይሰጣሉ?» አልኩት።

«አዎ እማዬ። አንዱ በአሥራ ሦስት ዓመቱ ኮሎኔል ሆኗል።»

«አሥራ ሦስት ዓመት! አንተ በአሥራ ሦስት ዓመትህ ዱቄት ወፍጮ ቤት አድርስ ብዬ ብልክህ ረስተኸው ኳስ ስትጫወት ነው ያገኘሁህ።»

ሳቀ። ቀጥሎ የነገረኝ ግን አላሳቀኝም። በዚያ ጦር ውስጥ የሌላ አገር ሰው ብዙ ነበር፤ ወታደሩ የአዛዦቹን ቋንቋ አያውቅም። ስለዚህ ጥቂት የትእዛዝ ቃል ብቻ ያስተምሩታል፦ ቁም፣ ወደፊት፣ ተኩስ። በዚያች ቃል ይዘምታል፣ በዚያች ቃል ይሞታል። የኔን እንግሊዝኛ ቆጠርኩት፦ ታንክ ዩ፣ ኖ፣ ኦኬ። ዮናስ አውሮፕላን ላይ እንዲጠቅመኝ በስልክ ያስተማረኝ ነው። ቢያንስ የኔ ለምስጋና ይበቃል ብዬ አምላኬን አመሰገንኩ።

ቤቱ ሚድ ሲቲ በሚሉት ሰፈር፣ ፎቅ ላይ ያለ ባለ አንድ መኝታ ክፍል ነው። በሩን ሲከፍት ግድግዳው ሙሉ ሪዛም ነጭ ሰውዬ! ደረታቸው ኒሻን ብቻ፣ አንዱ በፈረስ፣ አንዱ ሻምላ ይዞ። ሥዕለ አድኅኖ የሚሰቀልበት ምሥራቁ ግድግዳ ላይ ደግሞ ዋናው ጄኔራል ተቀምጧል። ጄኔራሉን አውርጄ ይዤ የመጣሁትን የኪዳነ ምሕረት ሥዕል ሰቀልኩ። እሱን ማድቤቱ አጠገብ አደረግኩት።

ረቡዕ ጾም ነው። በፒኮ መንገድ በሚሄደው አውቶቡስ ወደ ፌርፋክስ ሄድን። አውቶቡሷ ለእኔ ስትል ጎንበስ አለች፤ እውነቴን ነው፣ ደረጃዋን ወደ መሬት ዝቅ አደረገችልኝ። ለሾፌሯ «ታንክ ዩ» አልኳት፤ ስቃ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

ፌርፋክስ ላይ ስወርድ የሱቁ ስም በአማርኛ፣ የምግብ ቤቱ ስም በአማርኛ። ጤፍ በከረጢት፣ ነጠላ በመስቀያ። ወንዶቹ ከምግብ ቤት ደጅ ቆመው ልክ እንደ ፒያሳ ይከራከራሉ። ልዩነቱ እዚህ ክርክሩ ስለ መኪና ማቆሚያ ነው። «ፓርክ ያደረግከው የት ነው? ትኬት ይሰጡሃል!» ይባባላሉ፤ ትኬት የሚሉት ቅጣቱን ነው። የጾም በያይነቱ በላን፤ ሽሮው ከኔ ሽሮ አይደርስም፣ ጎመኑ ግን ይበልጠኛል።

ስንበላ አንዲት ቀይ ዳማ ልጅ የነርስ ልብሷን እንደለበሰች ገባችና «ኦ! ዮናስ! እዚህ ነህ እንዴ?» አለች። የታሰበበት መሆኑን አስተናጋጁም አውቋል። ገና ያልተጠየቀች ልጅ ከአማት ጋር አትቀመጥም። እሷ ግን አቀፈችኝና ጉንጬን ሳመችኝ።

«እማማ፣ ጉዞው ደከመሽ? እግርሽ አብጧል? ሶ ብዙ ውኃ ጠጪ፣ ኦኬ?»

«ሶ» የሚሉት «ስለዚህ» ለማለት ነው። «አንቺ» ስትለኝ በመጀመሪያ ደነገጥኩ። ደሴ ቢሆን እናቷ ትቆነጥጣት ነበር። ጎንበስ ብላ ቁርጭምጭሚቴን በጣቷ ስትዳስስ ግን ድንጋጤው ለቀቀኝ። እቴጌም ብትለኝ እንደዚህ ልቤ አይሞላም ነበር። ያን ጊዜ ነው የፈራሁት። ልጅቱን ወደድኳት፤ አባቷ እምቢ ቢሉ የማዝነው ለልጄ ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ።

«አባቴ ከባድ ነው» አለችኝ ስትወጣ። «ግን ውሸት ካልነገሩት ይሰማል።»

ሐሙስና ዓርብ ሰዓቱ ስለተገለባበጠብኝ ቀን ስተኛ፣ ሌሊት ስጸልይ ነበርኩ። ከጎናችን ያሉትን ሴትዮ ያወቅኳቸው ያኔ ነው። ሚስ ሎሬታ ይባላሉ፤ ጥቁር አሜሪካዊት፣ እዚያው ክሬንሾው የሚባል ሰፈር ተወልደው ያደጉ፣ በኔ ዕድሜ ወይም ትንሽ ከፍ ያሉ። ደረጃው ላይ ስንገናኝ ብዙ ያወሩኛል፤ እኔ «ኦኬ» እላለሁ። ሲስቁ አብሬ እስቃለሁ።

ቅዳሜ ገና ጎህ ሲቀድ በር ተንኳኳ። ዮናስ መታጠቢያ ቤት ነበር። ከፈትኩ። ሁለት ጥቁር ሱፍ የለበሱ ሽማግሌዎች፣ መሀላቸው ጥቁር ቀሚስ የለበሱ ቄስ። አንገታቸውን ደፍተዋል።

እኛ አገር መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። ባለቤቴን እንዲሁ ነው የነገሩኝ፤ ጎህ ሲቀድ፣ ጥቁር ለብሰው፣ አንገታቸውን ደፍተው።

«አልማዝዬን!» ብዬ ጮኽኩ። «እህቴን! ሠርጉን ሳታዪ!» ነጠላዬን ከራሴ ላይ ጥዬ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ሽማግሌዎቹ ደንግጠው ሦስቱም አንድ ላይ ያወራሉ፤ እኔ አልሰማም። ዮናስ ፊቱ ሳሙና እንደሆነ ሮጦ ወጣ። ሚስ ሎሬታ በሌሊት ልብሳቸው መጡ፤ ምንም ሳይጠይቁ አጠገቤ መሬት ላይ ተቀምጠው አቀፉኝ። «ኦ ሎርድ፣ ኦ ሎርድ» እያሉ ጌታን እየጠሩ ከኔ ጋር አለቀሱ።

«እማዬ! ማንም አልሞተም!» አለ ዮናስ። «ሽማግሌዎቼ ናቸው! ዛሬ ሄለን ቤት ሊሄዱ ነው! እንድትመርቂያቸው ነው የመጡት!»

ቀና ብዬ አየኋቸው። አንደኛው፣ ታክሲ የሚነዱት ጋሼ ታደሰ፣ ላባቸውን እየጠረጉ «እትዬ ወርቅነሽ፣ ይህን ያህል አስፈሪ መልክ ያለኝ አይመስለኝም ነበር» አሉ። «ኮሎኔሉ ማለዳ ስለሚነሡ ቀድመን እንድረስ ብለን ነው። ሱፉም ሌላ የለኝም።» ሁለተኛው አቶ ግርማ ይባላሉ፤ ዝምተኛ ናቸው። ቄሱን ሁሉም ቀሲስ ይሏቸዋል፤ ዮናስ የሚያስቀድስበት ደብር አገልጋይ ናቸው። ከዚያ ሁላችንም ሳቅን፤ ሚስ ሎሬታ ብቻ አልሳቁም። ዮናስ በእንግሊዝኛ ሊያስረዳቸው ሞከረ። እሳቸው ግን ሳቃችንን የሐዘን ሳቅ አድርገው ወሰዱት መሰለኝ፤ ጀርባዬን መታ መታ አድርገው ሄዱ። እኩለ ቀን ላይ በትልቅ ትሪ መኮሮኒ በአይብ ጋግረው አመጡልኝ። ለለቅሶ ቤት ምግብ ይዞ መሄድ የኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ቅዳሜ ስለነበር በላሁት። እንዴት ይጣፍጣል!

ሽማግሌዎቹ ከሰዓት በኋላ ተመለሱ። ጋሼ ታደሰ ከመግባታቸው ፊታቸውን አይቼ አወቅኩት።

«ምን ሆነ?» አልኩ።

«እኔ ነኝ ያበላሸሁት» አሉ። «ሽማግሌ ሙሽራውን ከፍ ማድረግ አለበት አይደል? ሶ ምን አልኩ፣ ‹ልጃችን ተራ ሰው አይምሰልዎ፣ ስምንት ዓመት ሙሉ ከመሳፍንት ጋር ነው የኖረ› አልኩ። ‹የምን መሳፍንት?› አሉኝ። ‹የኦስትሪያ የጦር መሳፍንት ነዋ! በአሥራ ሦስት ዓመታቸው ኮሎኔል የሆኑ!›»

አቶ ግርማ ግንባራቸውን ያዙ።

«ኮሎኔሉ ተነሡ። ‹ታደሰ፣ እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ። ኮሎኔል ለመሆን ስንት ዓመት እንደፈጀብኝ ታውቃለህ? ሻለቃ ልሆን ስል አንድ የደጃዝማች ልጅ፣ ካርታ ማንበብ የማይችል፣ በላዬ ላይ ተሾመ። ልጄን የመሳፍንት አወዳሽ አያገባትም› አሉኝ።»

ቀሲስ ቀስ ብለው ጨመሩ። «ነገር ግን በሩን አልዘጉትም። ‹ነገ ከቅዳሴ በኋላ ተመለሱ። ስለነዚህ ሕፃናት ኮሎኔሎች የሚያስረዳኝ ሰው ይዛችሁ ኑ። እናትየውም ትምጣ› ብለዋል።»

ዮናስ «እኔ ልሂድና ላስረዳ» አለ።

«ሙሽራ ራሱ ሊለምን?» አሉ ጋሼ ታደሰ። «አሜሪካ ብንሆንም ይህን ያህል አልተበላሸንም! አንተ ለእኛ ታስተምራለህ፣ እኛ እንናገራለን።»

ያን ቀን አመሻሹ ላይ ፌርፋክስ አንድ ምግብ ቤት ጥግ ይዘን ተቀመጥን። ዮናስ ያስተምራል፤ ሽማግሌዎቹ ይጠይቃሉ። እንደዚያ ያለ ትምህርት ቤት አይቼ አላውቅም።

«ሶ ጦር ሜዳ ሄዶ ቢሸነፍስ? ይሻራል?» አሉ ጋሼ ታደሰ።

«አንዳንዱ ተሸንፎም ማዕረግ ተጨምሮለታል፣ ጋሼ። የንጉሥ ዘመድ ነዋ።»

«ተሸንፎ ማዕረግ! እኔ በታክሲዬ አንድ የቆመ መኪና ብነካ የመንጃ ላይሰንሴን ለስድስት ወር ነው የወሰዱብኝ!»

ቀሲስ «ከነዚህ ውስጥ ደግ አዛዥ የለም?» ብለው ጠየቁ።

«አለ፣ አባ። ጎበዝም አለ፣ ከወታደሩ ጋር ጭቃ ውስጥ ያደረም አለ። የሁሉም ታሪክ ተጽፏል፤ ፈረሳቸው ሳይቀር ስም አለው። ከኋላቸው የሞተው ወታደር ግን የለም። እኔ በነሱ በኩል ገብቼ እሱን ነው የምፈልገው።»

አቶ ግርማ ለመጀመሪያ ጊዜ አፋቸውን ከፈቱ። «ታዲያ ይህን ጠዋት ማን ነገረን?»

አስተናጋጇ ሒሳብ አልቀበልም አለች። ስትሰማን ቆይታ ኖሯል። «ኮሎኔሉን አውቃቸዋለሁ፣ እዚህ ነው የሚበሉት» አለችን። «ቀጥ ብላችሁ ተናገሩ፣ አትለማመጡ።»

እሁድ አስቀደስን። ስለት ተሳልኩ፤ ምን እንደሆነ የኔና የእመቤቴ ነው። ከዚያ በጋሼ ታደሰ ታክሲ ሄድን። የኮሎኔሉ ቤት ከፌርፋክስ ጀርባ ነው፤ ግቢው ውስጥ ያሉት የሎሚ ዛፎች እንደ ወታደር ተሰልፈዋል፣ አንዱ ከሌላው አይበልጥም። ዮናስ መንገዱ ጥግ ታክሲው ውስጥ ቀረ።

ኮሎኔል በላቸው ሰማንያ የሞላቸው፣ እንደ ዘንግ ቀጥ ያሉ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው እትዬ ሶስና ከጎናቸው ነበሩ።

«ተቀመጡ» አሉ ኮሎኔሉ።

«ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም» አሉ ቀሲስ፣ እንደ ወጉ። እኔም ከእነሱ ጋር ቆምኩ።

ጋሼ ታደሰ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ክቡር ኮሎኔል፣ ትናንት መሳፍንቱን አሞግሼ ነበር። ዛሬ ላወግዛቸው ነው የመጣሁት።»

የኮሎኔሉ ከንፈር ትንሽ ተንቀሳቀሰ። «እስቲ አውግዝ።»

«በአሥራ ሦስት ዓመቱ ኮሎኔል! ተሸንፎ ማዕረግ! ወታደሩ ቋንቋውን አያውቅ፣ እሱ የወታደሩን አያውቅ! ቁም፣ ወደፊት፣ ተኩስ፣ በቃ! የፈረሱ ስም ተጽፎ የሰውየው ያልተጻፈ!»

«ይህን ማን አለ?»

«ልጃችን ነው የጻፈው።»

ኮሎኔሉ ወደ እኔ ዞሩ። «እርስዎ እናቱ ነዎት። የራሳችን ጦር ታሪክ ሞልቶ ሳለ የነጭ መስፍን ምን ያደርግለታል?»

ብዙ መናገር አላውቅበትም።

«ባለቤቴ አሥር አለቃ ነበር» አልኩ። «ድንበር ላይ ነው የሞተው። ዮናስ አምስት ዓመቱ ነበር። መርዶ የነገሩኝ ሰዎች የአዛዡን ስም ያውቃሉ፤ ከጎኑ የሞቱትን አያውቁም። ልጄ ‹አባቴ ሲሞት ከማን ጋር ነበር?› ብሎ ጠየቀኝ። የራሳችንን ሊጠይቅ ሞክሯል፤ የሚመልስለት አላገኘም። የመሳፍንቱ አገር ወረቀት ስላልጠፋ እዚያ ሄዶ ይጠይቃል። እስካሁን የሚጠይቀው ያንኑ ነው።»

ኮሎኔሉ ከተቀመጡበት ተነሡ።

«ባለቤትዎ ማን ይባላሉ?»

«ካሳ ይመር።»

«አሥር አለቃ ካሳ ይመር» አሉ ኮሎኔሉ። ማዕረጉን ከስሙ ጋር አድርገው፣ ቀጥ ብለው ቆመው። ከሞተ ጀምሮ እንደዚያ አድርጎ የጠራው ሰው አልነበረም። ከዚያ እጃቸውን ወንበሩ ላይ አሳረፉ። «እኔም ብዙ ሰው አዝዣለሁ። ስማቸውን ሁሉ አላስታውስም። እሞክራለሁ፤ አንዳንድ ቀን ስም ይመጣል ፊት ይጠፋል፣ ፊት ይመጣል ስም ይጠፋል።»

እትዬ ሶስና ባላቸውን በግርምት አዩአቸው። ይህን ለእሳቸውም ነግረዋቸው የሚያውቁ አልመሰለኝም።

«ልጁ የት ነው?» አሉ ኮሎኔሉ።

ጋሼ ታደሰ ወለሉን እያዩ «እንዳይቆጡ» አሉ። «ታክሲዬ ውስጥ ነው። እዚህ ጥግ።»

«ቤንዚን እያቃጠለ?»

«ሞተሩን አጥፍቼበታለሁ፣ ጌታዬ።»

«እንግዲያው በሙቀት ሳይሞትብን ጥሩት!»

ዮናስ ላብ በላብ ሆኖ ገባ፤ ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ ሲል ኮሎኔሉ ትከሻውን ይዘው አቆሙት። «አንተ» አሉት። «ስለ ሕፃን ኮሎኔል ስምንት ዓመት ጽፈሃል። ስለ ሽማግሌ ኮሎኔል መጻፍ ትችላለህ? ያስታወስኳቸውን ልጆች ስም እነግርሃለሁ። ሁሉንም ትጽፋለህ። እኔን አታሞግስም።»

ዮናስ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ።

ኮሎኔሉ ወደ እኛ ዞሩ። «ልጃችንን ሰጥተናል። አሁን ተቀመጡ።»

እትዬ ሶስና እልል አሉ! ሄለን ከውስጥ በር ጀርባ ኖራለች፤ በሩን በርግዳ ወጣች። እኔ አልተቀመጥኩም። መሬቱን ሳምኩና እንደቆምኩ አለቀስኩ። ኮሎኔሉ በራሳቸው እጅ ወንበር አመጡልኝ። ጋሼ ታደሰ ግን ቀድመው ተቀምጠው ጫማቸውን ሳይቀር አላልተው ነበር። «ሁለት ቀን ነው የቆምኩት» አሉ።

ስንመለስ በራችን ላይ ሌላ ዕቃ ተቀምጦ አገኘን፤ የስኳር ድንች ኬክ፣ አጠገቡ አንድ ነጭ አበባ። ሚስ ሎሬታ አሁንም ሐዘን ላይ ያለን መስሏቸዋል። ደሴ ደውዬ እህቴን አገኘኋት። «ሞተሻል ብዬ አልቅሼልሻለሁ» አልኳት። «ደህና አድርገሽ ነው ያለቀስሽው?» አለችኝ። በሰዉ ፊት እንዴት እንደጮኽኩ ስነግራት ሳቋ ሳሉን ቀሰቀሰባት።

ሰኞ ጠዋት ቀድሜ ተነሥቼ በዮናስ ምድጃ ድፎ ዳቦ ጋገርኩ። የሚስ ሎሬታን ትሪ አጠብኩት። የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስምና ዳቦውን አስቀመጥኩበት። ነጭ ቀሚሴን ለብሼ በራቸውን አንኳኳሁ። ሲያዩኝ ፊታቸው አዘነ፤ ሊያቅፉኝ እጃቸውን ዘረጉ።

ያለችኝን ቃል ሁሉ ሰበሰብኩ። ማታ ዮናስን ሁለት ቃል፣ የሞትና የሠርግ፣ ጨምርልኝ ብዬው ነበር።

«ኖ ዴድ» አልኩ። የቀለበት ጣቴን አሳየኋቸው፣ ወደኛ በር አመለከትኩ። «ዮናስ። ዌዲንግ። ታንክ ዩ።»

ሚስ ሎሬታ ትሪውን ተቀብለው መሬት አስቀመጡና ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው «ሃሌ ሉያ!» ብለው ጮኹ። ዮናስ እንደ ቅዳሜው ፊቱ ሳሙና ሆኖ ሮጦ ወጣ። ያን ቃል ማንም እንዲያስተምረኝ አላስፈለገኝም። እኔም እጄን አንሥቼ «ሃሌ ሉያ» አልኳቸው።